በናፍጣ የሚሠራ መኪና ነዳጅ ሲያፈስ፦ ምንጩን መለየትና መጠገን

ለሰበካ ጉባኤያት የልማት ኮሚቴዎችና ለአገልጋዮች የቀረበ

በገጠር የልማት ሥራ ላይ የተሰማራ አንድ ደብል ጋቢና መኪና የሚሰጠው አገልግሎት ብዙ ነው። ሲሚንቶና ቧንቧ ያመላልሳል፤ ችግኝና ዘር ያደርሳል፤ ባለሙያዎችን ከቀበሌ ቀበሌ ያዘዋውራል፤ ሌሊት በር ሲንኳኳም ምጥ የያዛትን እናት ወደ ጤና ጣቢያ ይወስዳል። ከእንዲህ ያለ መኪና ሥር የናፍጣ ጠብታ መታየት ሲጀምር ነገሩ በሁለት መንገድ ይበላሻል። አንደኛው «ትንሽ ነው» ብሎ ማሳደር ነው። ሁለተኛው ደግሞ ምንጩ ሳይታወቅ ውድ የሆነውን ዕቃ ለመለወጥ መቸኮል ነው። በመጀመሪያው መኪናው በማያመች ሰዓትና ቦታ ይቆማል፤ በሁለተኛው ጥቂት ብር በሚያወጣ የጎማ ቱቦ ምክንያት የናፍጣ ፖምፓ ይወርዳል፣ ገንዘቡም ይባክናል፣ ፍሳሹም ይቀጥላል።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው የኮሚቴ አባላትን መካኒክ ለማድረግ አይደለም። መኪናውን የሚቆጣጠሩ፣ የጥገና ወጪ የሚፈቅዱና ሾፌሩን የሚያሰማሩ ወገኖች ምን መጠየቅና ምን መከልከል እንዳለባቸው እንዲያውቁ ነው። የጽሑፉ ዋና ሐሳብም አንድ ነው፤ ናፍጣ የሚንጠባጠብበት ቦታና ናፍጣው የወጣበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የተለያዩ ናቸው፤ ስለዚህ ምንጩ በዓይን ታይቶ ሳይረጋገጥ ለጥገና ገንዘብ ማውጣት አይገባም።

የጠብታው ዋጋ

ፍሳሹ ምን ያህል እንደሆነ በግምት መናገር አያስፈልግም፤ መለካት ይቻላል። መኪናው ማታ ሲቆም ከጠብታው ሥር ንጹሕ ሣህን ማስቀመጥና ጠዋት መስፈር ነው። ለ12 ሰዓታት ቆሞ ግማሽ ሊትር ያፈሰሰ መኪና በ30 ሌሊት 15 ሊትር ያፈሳል። በጉዞ ላይ ብቻ የሚያፈስ ከሆነ ግን ሣህኑ ምንም አያሳይም፤ የሚያጋልጠው የነዳጅ መዝገብ ነው። ለምሳሌ በ100 ኪሎ ሜትር 11 ሊትር ይጠቀም የነበረ መኪና ጭነቱና መንገዱ ሳይለወጥ 13 ሊትር መጠየቅ ቢጀምር፣ በወር 1,500 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ 30 ሊትር ተጨማሪ ይወስዳል። የዚህ ምክንያቱ ፍሳሽ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን መዝገቡ ካልተያዘ ጥያቄውን የሚያነሣ ሰው አይኖርም።

ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ አይወሰንም። ናፍጣ ሞተሩ የተቀመጠባቸውን ጎማዎችና የውኃ ቱቦዎችን እያለሰለሰ ያበላሻል። መንገድ ላይ ሲፈስ ከኋላ ለሚመጣ ሞተር ብስክሌት አንሸራታች ይሆናል። መኪናው በምንጭ፣ በውኃ ጉድጓድ ወይም በጠበል አጠገብ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ናፍጣው ወደ አፈሩ ሰርጎ ሕዝብ የሚጠጣውን ውኃ ሊበክል ይችላል። ስለዚህ የሚያፈስ መኪና ከውኃ ምንጭ ርቆ፣ ከሥሩም ዕቃ ተቀምጦለት ይቁም፤ የፈሰሰውም በሰጋቱራ ወይም በደረቅ አሸዋ ይታፈስ እንጂ በውኃ አይታጠብ።

አስቀድሞ ጥንቃቄ

ናፍጣ እንደ ቤንዚን በቀላሉ አይቀጣጠልም። ክብሪት የሚቀበል ትነት በብዛት ለማውጣት ከ50 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ መሞቅ አለበት። ይህ እውነት ግን ብዙ ሰዎችን ያዘናጋል። ከተሰነጠቀ ቱቦ እንደ ጭጋግ ሆኖ የሚረጭ ናፍጣ እንደ ፈሳሹ ናፍጣ አይታይም። ናፍጣ በ250 ዲግሪ አካባቢ ያለ ክብሪት ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ዳገት የወጣ ሞተር የጭስ መውጫ ብረት ደግሞ ከዚህ በላይ ይሞቃል። በመሆኑም ናፍጣ በጭስ መውጫው አቅጣጫ የሚረጭ ከሆነ መኪናው ወዲያው ይቆማል እንጂ «እስከ ከተማ ይድረስ» አይባልም።

ሁለተኛው አደጋ ብዙም የማይታወቅ ነው። የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው አየር ከ2 እስከ 3 ባር ግፊት አለው። በአሮጌዎቹ የቶዮታ ሃይሉክስ የናፍጣ ሞተሮች ናፍጣው ከፖምፓ ወደ ኢንጀክተር የሚሄደው ከ100 ባር በሚበልጥ ግፊት ነው። ዲ ፎር ዲ በሚባሉት አዳዲሶቹ ሞተሮች ደግሞ ግፊቱ ከ1,000 ባር ያልፋል። በእንዲህ ያለ ግፊት በቀጭን ስንጥቅ የሚወጣ ናፍጣ ቆዳን እንደ መርፌ ወግቶ ወደ ሥጋ ይገባል። ቁስሉ ሲታይ የመርፌ ጫፍ ያህል ነው፤ በመጀመሪያ ላያምም ይችላል። በሰዓታት ውስጥ ግን እጁ ያብጣል፣ ሥጋው መሞት ይጀምራል፤ ዘግይቶ የታከመ ሰው ጣቱን ወይም እጁን ሊያጣ ይችላል።

ስለዚህ ሞተሩ እየሠራ ሳለ ማንም ሰው ቱቦዎቹን በእጁ እየዳሰሰ ፍሳሽ አይፈልግ። መፈለጊያው ከርቀት የሚያዝ ካርቶን ነው፤ ናፍጣው ካርቶኑን ሲያርሰው ቦታው ይታወቃል። ናፍጣ ሰውነቱን የወጋው ሰው ካለ ሕመም እስኪሰማው ሳይጠበቅ የቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይወሰድ፤ ለሐኪሙም «ከፍተኛ ግፊት ያለው ናፍጣ ወግቶት ነው» ተብሎ በግልጽ ይነገር። ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ሾፌሮችና ረዳቶች ሁሉ ሊያውቁት ይገባል።

የናፍጣው መንገድ

ምንጩን ለመፈለግ ናፍጣው የሚሄድበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። መንገዱ በሦስት ይከፈላል።

የመጀመሪያው የመምጫ መሥመር ነው። ከነዳጅ ታንኩ ተነሥቶ በሻንሲው ጎን በብረት ቱቦ ይመጣል፤ በጎማ ቱቦ ወደ ናፍጣ ፊልትሮ ይገባል፤ ከዚያም ወደ ፖምፓው ይሄዳል። በብዙዎቹ ሃይሉክሶች በዚህ መሥመር ያለውን ናፍጣ የሚስበው ፖምፓው ራሱ ነው። ሰው ጠላን በመቃ እንደሚስበው ማለት ነው።

ሁለተኛው ከፖምፓው እስከ ኢንጀክተሮቹ ያለው ከፍተኛ ግፊት የሚያልፍበት መሥመር ነው። ቱቦዎቹ ወፍራም ግድግዳ ያላቸው ቀጫጭን ብረቶች ናቸው።

ሦስተኛው የመመለሻ መሥመር ነው። ኢንጀክተሮቹና ፖምፓው የተረፋቸውን ናፍጣ በአነስተኛ ግፊት ወደ ታንኩ ይመልሳል።

ይህ ክፍፍል ብቻውን ግማሹን ምርመራ ይጨርሳል። መኪናው ሲቆም የሚያፈስና ሲነሣ የሚደርቅ ከሆነ ጥርጣሬው በመምጫው መሥመር ላይ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ብቻ የሚያፈስ ከሆነ በግፊቱ ወይም በመመለሻው መሥመር ላይ ነው። ታንኩ ሲሞላ ወይም መኪናው ዳገት ላይ ሲዘነብል ብቻ የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ በታንኩ አናት ወይም በመቅጃው ቱቦ ላይ ነው። ሾፌሩ «ያፈሳል» ብሎ ሲያመለክት ኮሚቴው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «መቼ ነው የሚያፈስሰው?» ብሎ ነው።

ምንጩን መፈለግ

በመጀመሪያ የፈሰሰው በእርግጥ ናፍጣ መሆኑ ይረጋገጥ። ነጭ ወረቀት ወይም ካርቶን ከሥሩ አንጥፎ ማሳደር ይበቃል። ናፍጣ ቀጭን ነው፤ በወረቀቱ ላይ በሰፊው ይሰራጫል፤ ሽታውም አያሳስትም። የሞተር ዘይት ወፍራምና ጥቁር ነው። የራዲያተር ውኃ አረንጓዴ ወይም ቀይ ቀለም ሊኖረው ይችላል። ሽታም ቀለምም የሌለው ንጹሕ ውኃ ከሆነ የማቀዝቀዣው ጤዛ ነው፤ ጥገናም አይፈልግም።

ቀጥሎ ሞተሩ ይታጠባል። በናፍጣና በአቧራ የተለሰነ ሞተር ላይ ምንጭ መፈለግ በጭቃ ውስጥ መርፌ እንደ መፈለግ ነው። እጥበቱ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በሳሙናና በጥቂት ውኃ ይፈጸም፤ በጋለ ፖምፓ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ፖምፓውን ሊጎዳ ይችላል። ዲናሞውና የኤሌክትሪክ ማያያዣዎቹም በላስቲክ ይሸፈኑ። ከታጠበ በኋላ በጨርቅ ይደርቃል፤ በሚጠረጠሩት ማያያዣዎች ላይም የሕፃናት ፓውደር ወይም የተፈጨ ጠመኔ ይነሰነሳል። ከዚያም ሞተሩ ተነሥቶ ለጥቂት ደቂቃዎች ያለ ተጨማሪ ነዳጅ እንዲዞር ይደረጋል። ነጩን ዱቄት መጀመሪያ ያረጠበው ናፍጣ የወጣበትን ቦታ ያሳያል።

ፍለጋው ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ነው። ናፍጣ ከኢንጀክተሩ አናት ወጥቶ በሞተሩ ጎን ይወርዳል፤ ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ በሻንሲው ብረት ላይ ተጉዞ ከጋቢናው መካከል ይንጠባጠባል። ከታች ተኝቶ የሚመለከት ሰው «ታንኩ ተበሳ» ሊል ይችላል። ስለዚህ ከእርጥቡ ቦታ ተነሥቶ ወደ ላይ በመሄድ ከበላዩ ሁሉ ደረቅ የሆነበት ነጥብ እስኪገኝ ድረስ መከታተል ያስፈልጋል። ያ ነጥብ ነው ምንጩ።

ፈሳሽ የማይታይበት ቀዳዳ

በመምጫው መሥመር ያለ ቀጭን ቀዳዳ ጨርሶ ናፍጣ ላያፈስ ይችላል። ፖምፓው ስለሚስብ ናፍጣ ወደ ውጭ በመውጣት ፈንታ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ምልክቱ ጠዋት ሞተሪኖው ረጅም ጊዜ ካልዞረ መኪናው አለመነሣቱ፣ ከተነሣም በኋላ እየተንቀጠቀጠ መጥፋቱ፣ ዳገት ላይም ጉልበት ማጣቱ ነው። አፍንጫውን ወደ ዳገት አድርጎ ያደረ መኪና ጠዋት እምቢ ብሎ፣ አፍንጫውን ወደ ቁልቁለት አድርጎ ያደረው ግን ወዲያው የሚነሣ ከሆነ አየር ስለ መግባቱ ጥሩ ማስረጃ ነው። ወደ ቁልቁለት ሲቆም ታንኩ ከሞተሩ ከፍ ስለሚል ናፍጣው ወደ ሞተሩ ያዘነብላል፤ ወደ ዳገት ሲቆም ግን በቀዳዳው አየር እየገባ ወደ ታንኩ ይመለሳል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። በፊልትሮውና በፖምፓው መካከል ለምርመራው ጊዜ ብቻ ብርሃን የሚያሳልፍ አጭር ቱቦ ይገጠማል። ሞተሩ ሲሠራ በቱቦው ውስጥ አረፋ የሚያልፍ ከሆነ ቀዳዳው ከዚያ ወደ ታንኩ ባለው ክፍል አለ። ይህን ያላደረገ ጋራዥ «ፖምፓው ደክሟል» ቢል ኮሚቴው ምርመራውን ሳያይ ወጪውን አይፍቀድ።

ሌላው የማይታይ ፍሳሽ ወደ ሞተሩ ዘይት የሚገባው ነው። የዘይት መለኪያው ዘንግ ሲወጣ ዘይቱ ሳይጨመርበት ከፍ ብሎ፣ ቀጥኖ፣ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ከሆነ መኪናው መነሣት የለበትም። የቀጠነ ዘይት የሞተሩን ብረቶች ከመፋተግ አይጠብቅም። ዘይት መቀነሱን የሚፈሩ ሾፌሮች ብዙዎች ናቸው፤ መጨመሩን ግን እንደ በረከት መቁጠር አይገባም።

በብዛት የሚያፈሱ ቦታዎችና ጥገናቸው

የጎማ ቱቦዎችና ፋሼታዎች። ከሙቀትና ከዕድሜ ብዛት ጎማው ይደርቃል፣ ጫፉ ይሰነጠቃል። ጥገናው ለነዳጅ ተብሎ የተሠራ አዲስ ቱቦ መግጠም ነው። የአትክልት ውኃ ማጠጫ ፕላስቲክ በናፍጣ ይደርቅና ይሰበራል። ፋሼታው ከመጠን በላይ ከጠበቀ ጎማውን ይቆርጣል፤ ከላላም ያፈሳል።

ፊልትሮውና በላዩ ያለው የእጅ ፖምፓ። በፊልትሮው አናት ያለው የእጅ ፖምፓ ውስጡ ጎማ ስለሆነ ይቀደዳል፤ ከሥሩ ያለው የውኃ ማፍሰሻ ብሎንም ኦሪንጉ ሲደክም ያንጠባጥባል። ፊልትሮ በተለወጠ ማግስት የሚጀምር ፍሳሽ አብዛኛውን ጊዜ አሮጌው ጎማ ሳይወጣ በላዩ አዲሱ ስለተደረበ ወይም አዲሱ ጎማ ተጣምሞ ስለገባ ነው።

የመመለሻው ቱቦ ሮንዴላዎች። በአሮጌዎቹ ሞተሮች የመመለሻው ቱቦ በእያንዳንዱ ኢንጀክተር አናት ላይ በሮንዴላና በዳዶ ይታሰራል። ሮንዴላው አንዴ ከተጨመቀ በኋላ እንደ ገና ሲታሰር በደንብ አያሽግም፤ ስለዚህ በተፈታ ቁጥር በአዲስ ይተካ።

የግፊት ቱቦዎች። እነዚህ ቱቦዎች ንዝረትን የሚከላከል መያዣ አላቸው። ከጥገና በኋላ መያዣው ሳይመለስ ከቀረ ቱቦው እየተርገበገበ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ የግፊት ቱቦ አይበየድም፣ በላስቲክም አይጠቀለልም፤ ይለወጣል። ዳዶው ሲያፈስ አስጨንቆ ማሰር አፉን ያበላሻል፤ ፈትቶ አጽድቶ፣ ቱቦውን ሳያጣምሙ በትክክለኛው መጠን ማሰር ነው። በዲ ፎር ዲ ሞተር ላይ ይህ ሥራ ለናፍጣ ፖምፓ ባለሙያ ብቻ ይተው።

ፖምፓው ራሱ። በዘንጎቹና በክዳኑ ዙሪያ ያሉት ማሸጊያ ጎማዎች ሲደርቁ ያፈሳል። ይህ ፖምፓው አርጅቷል ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የማሸጊያ ጎማዎቹን ስብስብ መለወጥ ይበቃል። ሥራው ግን መፈተሻ ማሽን ባለው ባለሙያ ዘንድ መከናወን አለበት።

ታንኩ። በአናቱ ጭቃ ተጠራቅሞ እርጥበት ስለሚይዝ ከላይ ይዝጋል፤ ከሥሩ ደግሞ ድንጋይ ያገኘዋል። ስለ ታንክ ብየዳ አጥብቀን የምናሳስበው አለ። ባዶ የሆነ የናፍጣ ታንክ ከሞላው የበለጠ አደገኛ ነው፤ በውስጡ የቀረው ናፍጣ በብየዳው እሳት ሲሞቅ ይተንናል፣ ትነቱም ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ይፈነዳል። በውኃ ማለቅለቅ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ ኮሚቴው የተበሳ ታንክ እንዲበየድ ከመፍቀድ ይልቅ እንዲለወጥ ቢወስን የሰው ሕይወት ያተርፋል።

በማንኛውም የነዳጅ ማያያዣ ላይ የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ነጭ ቴፕ አይጠቅለል። ቅዳጁ ወደ ፖምፓውና ወደ ኢንጀክተሩ ገብቶ ከፍሳሹ የከፋ ጉዳት ያመጣል።

ከጥገናው በኋላ

መሥመሩ ከተከፈተ አየር ይገባል። የእጅ ፖምፓው እስኪጠነክር ድረስ እየተጫኑ አየሩን ማስወጣት ያስፈልጋል። በአሮጌ ሞተሮች መካኒኮች የኢንጀክተሩን ዳዶ አላልተው አየር ያስወጣሉ፤ ይህ ልማድ በዲ ፎር ዲ ሞተር ላይ ለሕይወት አስጊ ስለሆነ ፈጽሞ አይደረግ። ከዚያም ሞተሩ ለሩብ ሰዓት ያህል ይሠራ፤ በደረቅ ካርቶን ይፈተሽ፤ መኪናው ጥቂት ኪሎ ሜትር ተጉዞ ሲመለስ እንደ ገና ይታይ። በማግሥቱ ጠዋት ከሥሩ የተነጠፈው ወረቀት ደረቅ ሆኖ ካልተገኘ ጥገናው አልተፈጸመም።

መንገድ ላይ ለተቸገረ

ታንኩ በድንጋይ ቢበሳ በቀዳዳው ላይ ደረቅ የልብስ ሳሙና አሽቶ መድፈን እስከሚቀርበው ከተማ ያደርሳል፤ ሳሙና በናፍጣ አይሟሟምና። ጫፉ የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ርዝመቱ ከፈቀደ የተሰነጠቀውን ቆርጦ መልሶ ማሰር ይቻላል። በከመነዳሪ መጠቅለል ግን አያዛልቅም፤ ጎማው በናፍጣ አብጦ ይላላል። የግፊት ቱቦ ሲሰነጠቅ የመንገድ ላይ መፍትሔ የለውም፤ መኪናው ይጎተታል።

የኮሚቴው ድርሻ

ኮሚቴው አራት ነገሮችን ሥርዓት ቢያደርግ አብዛኛው ችግር ከመባባሱ በፊት ይታወቃል። አንደኛ፣ ሾፌሩ በየሳምንቱ ኮፈኑን ከፍቶ ቱቦዎቹን እንዲያይ፣ የዘይቱን መጠን እንዲለካ፣ መኪናው ካደረበት ቦታ ሲነሣም መሬቱን እንዲመለከት ይታዘዝ። ሁለተኛ፣ የተቀዳው ሊትርና የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ንባብ በአንድ መዝገብ ይጻፍ፤ በየወሩም ይመርመር። ሦስተኛ፣ ጋራዡ የፍሳሹን ምንጭ ለኮሚቴው ተወካይ በዓይን ካሳየ በኋላ ብቻ ግዢ ይፈቀድ፤ የተለወጠው አሮጌ ዕቃም ከደረሰኙ ጋር ይመለስ። አራተኛ፣ በመኪናው ውስጥ የሚሠራ የእሳት ማጥፊያ፣ አንድ ሜትር የነዳጅ ቱቦ፣ ጥቂት ፋሼታዎችና አንድ ትርፍ ፊልትሮ አይጥፉ።

ፍሳሹን በዘገባ ያቀረበ ሾፌርም ሊመሰገን ይገባዋል። ባለፈው ጥፋት ይጠየቅበታል ብሎ የሚፈራ ሾፌር ጠብታውን በጨርቅ ጠርጎ ይሸፍናል፤ ያን ጊዜ ኮሚቴው ችግሩን የሚያውቀው መኪናው በሌሊት፣ ሕመምተኛ እንደ ጫነ መንገድ ላይ ሲቆም ነው።